አምስተኛው ማመልከቻ

«ዘገየህ እኮ! ቆርቆሮው የታለ?»

ዲቪና እንዲህ ብላ የጮኸችው ጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ቆማ ነው። ሰውየው ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጫማውን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ፣ ጀልባዋ ካወረደችው ቦታ እየተንገዳገደ ይመጣል። ነጭ ሸሚዙ በጭቃ ተዥጎርጉሯል።

«ቆርቆሮ?... እኔ እኮ...»

«ሰበብህን በኋላ ትነግረኛለህ። አሁን ይቺን ገመድ ያዝልኝ!»

ያዘላት። ምን ያድርግ? ሃያ ሦስት ልጆች አፍጥጠው እያዩት ነው። የባሕር ሣር የሚታሰርበትን ረጅም ገመድ በሁለት እጁ ወጥሮ ቆመ። ልጆቹም በገመዱ ላይ ያሉትን ቋጠሮዎች በአራት በአራት እየመደቡ ማባዛት ተማሩበት። ትምህርቱ ሲያልቅ ነው ቀስ ብሎ የተናገረው።

«ክሪሳንቶ እባላለሁ። ፕሮፖዛልዎን ልገመግም ከእርዳታ ድርጅቱ የተላክሁ ነኝ።»

ዲቪና ክው አለች።

«ውይ! ይቅርታ ያድርጉልኝ... አሮጌ ቆርቆሮ አመጣልሻለሁ ያለኝ ነጋዴ መስለውኝ ነው። እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«ግድ የለም፤ "አንተ" ይሻለኛል። ለምጄዋለሁ» አለና ሳቀ።

ዲቪና በሳማር ደሴት ጠረፍ፣ ካንሙሎስ በምትባል መንደር የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ናት። በመንደሯ ሰው ሁሉ የባሕር ሣር አምራች ነው። የመከር ወራት ሲመጣ ልጆቹ ወላጆቻቸውን ተከትለው ይወጣሉ፣ ክፍሉ ባዶውን ይቀራል። ሌሎች አስተማሪዎች ስማቸውን ከመዝገብ ይሰርዙ ነበር። እሷ ግን ትምህርቱን ከባሕሩ ጋር አስማማችው። ባሕሩ ሲሸሽ ልጆቹ ከወላጆቻቸው ጋር ይሠራሉ፣ እሷም ጭቃው ላይ አብራቸው ወርዳ ሂሳብ ታስተምራለች። ባሕሩ ሲመለስ ሣሩ በሚደርቅበት የቀርከሃ ማማ ላይ ተቀምጠው ያነባሉ። ማማው ግን ጣሪያ የለውም፣ መጽሐፍም የለም። ለዚህ ብላ ለአራት ድርጅቶች አመለከተች። አራቱም «እናዝናለን» አሏት።

«ተይው እንጂ ልጄ» ይሏታል ርዕሰ መምህሩ አቶ ቴዎፊሎ። «የሰዓት ሰሌዳ የሌለው ትምህርት ማን ይረዳል?»

«የሰዓት ሰሌዳውማ አለ፤ ባሕሩ ነው የሚጽፈው» ትላቸዋለች። ደግሞም ክሪሳንቶን ያመጣውን አምስተኛውን ማመልከቻ ላከች።

ክሪሳንቶ ለግምገማ ሦስት ጊዜ መጣ። በሁለተኛው ልጆቹ ሲያነቡ ከጎናቸው ተቀምጦ ዋለ። በሦስተኛው ዲቪና ደረቅ ዓሣና ሩዝ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ አቀረበችለት፤ ማማው ጫፍ ላይ እግራቸውን ወደ ውሃው አንጠልጥለው በሉ።

«አራት ጊዜ እምቢ ተብለሽ እንዴት አልሰለቸሽም?» አላት።

«እነሱ እምቢ ማለት ካልሰለቻቸው እኔ ለምን ይሰለቸኛል?»

ትኩር ብሎ አያት። ረጅም እይታ ነበር። ዲቪና ጉንጯ ሲግል ተሰማት። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ... መልሶ ዘጋው። ጫማውን አነሳና ጀልባው ሳይጠራው ተነሥቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ስልክ ብትደውል አያነሳም። በሁለተኛው ሳምንት ከድርጅቱ ደብዳቤ ደረሳት። «ገምጋሚው በራሱ ጥያቄ ከማመልከቻዎ እጁን አንሥቷል። ከኮሚቴው ፊት ቀርበው እንዲያስረዱ» ይላል።

*እጁን አንሥቷል!*

ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ዓሣዬን በልቶ፣ ልጆቼን አቅፎ፣ እጁን አነሳ! አለቀሰች። ፊቷን ታጠበችና የከተማውን ጀልባ ተሳፈረች።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። የሚመሩት ወይዘሮ ኮንሶላሲዮን የሚባሉ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያሳረፉ ሴትዮ ናቸው።

«ሐሳቡን ወደነዋል» አሏት። «ሁለት ነገር ብቻ እንድታስተካክይ። አንደኛ፣ ትምህርቱ እንደማንኛውም ትምህርት ቤት ጠዋት ይጀምር።»

«ጠዋት ባሕሩ ሸሽቶ ከሆነ ልጆቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ አይመጡም፣ እሜቴ።»

«ሁለተኛ፣ የልጆቹን ፎቶ እንፈልጋለን። ባዶ እግራቸውን፣ ጭቃ ውስጥ፣ ትንሽ... አዘን ብለው። ለጋሾቻችን ልባቸው የሚነካው በዚህ ነው።»

ዲቪና ቀስ ብላ ተነሣች። 

«ልጆቼ ጭቃ ውስጥ ሲቆሙ አያዝኑም። ይስቃሉ! እዚያው ቆመው ማባዛት ይችላሉ። የሚስቁበትን ፎቶ ከፈለጋችሁ ዛሬውኑ እሰጣችኋለሁ። እንዲያለቅሱላችሁ ግን አላስተምራቸውም።»

«መምህርት፣ ይህ ዕድል ሁለተኛ አይመጣም።»

«ይቅራ! አራት ጊዜ እንደ እናንተ ያሉት እምቢ ብለውኛል። አምስተኛውን እኔ ልበላችሁ።»

ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች። ደረጃው ላይ ክሪሳንቶ ቆሟል።

«ፈሪ!» አለችው ሳታስበው። «ሥራዬን ካልወደድከው ፊት ለፊት አትነግረኝም ነበር?»

«ዲቪና... አንዴ ስሚኝ...»

«ምን እሰማለሁ? እጅህን አነሳህ እኮ!»

«ሕጉ ነው ያስነሳኝ! ገምጋሚ ከአመልካች ጋር ግንኙነት ካለው ፋይሉን መልቀቅ አለበት። ውሳኔ እስኪሰጥ እንዳላናግርሽም ተከለከልኩ።»

«ምን ግንኙነት? አንተና እኔ ምን ግንኙነት አለን?»

አንገቱን ደፋ።

«እስካሁን ያልነገርኩሽ ግንኙነት።»

 ደረጃውን የሚወጡ ሰዎች እየተጋፉ ያልፏቸዋል።

«እያፈቀርኩሽ ውጤት ብሞላልሽ ሰው ምን ይል ነበር?» አለ። «ያገኘሽው በእኔ ነው ይሉሽ ነበር። ያንቺን ልፋት ማንም እንዲቀማሽ አልፈለግሁም... እኔም ጭምር።»

«እና አሁን?»

«አሁን ፋይልሽ ተዘግቷል። በሩ አጠገብ ቆሜ ሁሉንም ሰምቻለሁ።» ፈገግ አለ። «ስለዚህ እንደ ልቤ ልናገር። እወድሻለሁ!»

«አንተ ሞኝ» አለች እንባዋ እየወረደ። «ስንት ሳምንት ሙሉ ስሰድብህ እንደኖርኩ ታውቃለህ?»

እዚያው ደረጃው ላይ፣ ሰው እያየ፣ አቀፈችው።

ድርጅቱ ገንዘቡን ለሌላ ትምህርት ቤት ሰጠ። ዲቪና ወደ እነሱ አልተመለሰችም፤ ይቅርታም አልጠየቀችም። ስድስተኛውን ማመልከቻ አስተማሪዎች ራሳቸው ላቋቋሙት አነስተኛ የድጋፍ ማኅበር ጻፈች። ማኅበሩ የጠየቀችውን ግማሽ ሰጣት። ግማሹ ለመጻሕፍቱ በቃ። ለጣሪያው የመንደሩ ሰዎች ቀርከሃ ቆርጠው፣ የዘንባባ ቅጠል ሰፍተው በሁለት ቅዳሜ ከደኑት። አቶ ቴዎፊሎ እንኳ መሰላል ይዘው መጡ። «እኔ መጀመሪያም ብያለሁ» እያሉ ሲዞሩ የሳቀባቸው እንጂ የተቆጣቸው የለም።

ክሪሳንቶ ከድርጅቱ ለቀቀ። በዓመቱ ካንሙሎስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተጋቡ። አሁን በየደሴቱ እየዞረ አስተማሪዎችን ማመልከቻ አጻጻፍ ያሠለጥናል፤ ዲቪናም በእረፍቷ ቀን አብራው ትሄዳለች።

ባለፈው ወር ለጎረቤት ደሴት ትምህርት ቤት አብረው ሲጽፉ እሱ «በታላቅ ትሕትና እንለምናለን» ብሎ ጀመረ። ዲቪና እስክሪብቶውን ከእጁ ነጠቀችው።

«እንለምናለን? ማን ነው የሚለምነው?»

«እንዲህ ነው የሚጻፈው፣ የኔ ፍቅር።»

«ነበር!» አለችና ሰርዛው፣ ከበላዩ ጎላ አድርጋ «እንጠይቃለን» ብላ ጻፈችበት።