ጫፏ የጎደለ ኮከብ

«ይኼን አያትሽ አልሠሩትም» አለች ኻሊዳ።

ዝማሬ ቀልድ መሰላት። ኻሊዳ ስትቀልድ ፊቷ አይስቅም፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ስለተማሩ ይህን ታውቃለች። «ባክሽ አምጪ» ብላ ከቤት ያመጣችውን የብረት ጉጠት ልትቀበላት እጇን ዘረጋች። ኻሊዳ ግን አልለቀቀችም። ወደ መስኮቱ ወስዳ የእጀታውን ሥር በአውራ ጣቷ ፈተገችው።

«እይዋ! ይቺ ኮከብ የአያቴ የሮብሌ ናት። ቤታችን ያለው የከሰል መቆንጠጫ ላይ አለች።»

«ኮከብ የትም አለ። ባንዲራው ላይም አለ። ባንዲራውንም አያትሽ ናቸው የሠሩት?»

አዳራሹ ውስጥ ኤግዚቢሽን የሚያሰናዱት ልጆች ሳቁ። የኻሊዳ እናት ነጃት የድሬዳዋ ልጅ ስለሆነች ኻሊዳ አማርኛውን ከነ«አቦ»ው ወርሳለች። ሁለቱ ሲናደዱ የጂቡቲ ትምህርት ቤታቸውን ፈረንሳይኛ ትተው ወደ አማርኛ ነው የሚዞሩት፤ የቀሩት ልጆች ደግሞ ባይገባቸውም ድምፁን እየሰሙ ይዝናናሉ።

«አቦ፣ አትቀልጂብኝ! አያትሽ አልሠሩትም እያልኩሽ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ምን የሚሉት ነው?»

ዝማሬ ቱግ አለች። ቱግ ብትል አይፈረድባትም። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሊመረቅ ነው ተብሎ ትምህርት ቤቱ የአሮጌውን ባቡር መታሰቢያ ኤግዚቢሽን አዘጋጅቷል። ሌሎቹ ልጆች ያመጡት የደበዘዘ ፎቶ፣ ያረጀ ትኬት፣ አንዱ ደግሞ የማንም ሊሆን የሚችል ፊሽካ ነው። የዝማሬ ጉጠት ግን መሀል ጠረጴዛ ላይ ነው የተቀመጠው። አንዱ እግሩ መጨረሻው ላይ እንደ መዶሻ ደድሯል፤ ሌላው እንደ ጥፍር ተቆልምሟል፤ አፉ ደግሞ ጠማማ ነው። የታሪክ አስተማሪው ሙስዮ ዘከሪያ የድሮ መሣሪያዎች ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ ሁሉ ቢያገላብጥ መሳዩን አላገኘም። የፋብሪካ ስምም የለውም። «እዚሁ ጂቡቲ የተሠራ ነው ማለት ነው! ማን እንደሠራው ይታወቃል?» ሲል ዝማሬ ደረቷን ነፍታ «አያቴ» አለች። እሱም በትልቁ ጽፎ ለጠፈበት፤ «ሥራ፦ ተክለወልድ»።

አሁን ይቺ ተነስታ ልጆች ፊት እንዲህ ትላለች!

«ታዲያ ከየት አመጡት? አያቴ ሌባ ናቸው እያልሽኝ ነው?»

«ሌባ አላልኩም። ሠሩት ያለሽ ሰው ግን ዋሽቶሻል።»

«አያትሽ ሠሩት» ያላት የገዛ አባቷ ነው። ዝማሬ ጉጠቱን መነጨቀቻት።

«አፍሽን ዝጊ! የቀጥቃጭ ዘር!»

ቃሉ ከየት እንደመጣ እሷም አላወቀችም። ቤት ውስጥ ትልልቆቹ ሲሉት ሰምታለች እንጂ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ኻሊዳ ፊቷ ተለዋወጠ። ቀጥሎ በጣም በዝግታ፣ «ቀጥቃጭ ስድብ ከሆነ፣ ጉጠቱን ሠሩት የምትያቸው አያትሽ ምን ሊሆኑ ነው?» አለቻት።

ጥያቄው ዝማሬን ይበልጥ አንጨረጨራት። ጉጠቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣች።

ወደ ሰፈሯ ወደ ካርቲየ 3 አልሄደችም። በቀጥታ ወደ ካርቲየ 6፣ ወደ ኻሊዳ ቤት ነው የገሰገሰችው። መቆንጠጫውን አይታ፣ ኮከቦቹ እንደማይመሳሰሉ አረጋግጣ፣ ነገ ጠዋት በእነዚያው ልጆች ፊት አፏን ልታስይዛት ነው። መንገዱን ሁሉ የምትናገረውን ስታሰላስል መጣች።

ነጃት በሩ ላይ ሳምቡሳ እየጠበሰች ነበር። ስታያት ፊቷ በራ።

«ዝማሬዬ! ኻሊዳስ?»

«ትምህርት ቤት ናት፣ እትዬ። የከሰል መቆንጠጫችሁን ላየው ፈልጌ ነው።»

ነጃት ለምን ብላ እንኳ አልጠየቀችም። ከምድጃው ሥር አንስታ በጨርቅ ጠራርጋ ሰጠቻት። ዝማሬ ጉጠቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ሁለቱን ጎን ለጎን ያዘቻቸው።

ኮከቧ አለች። በዚያ ላይ ከአምስቱ ጫፎቿ አንዱ የለም። ጉጠቱ ላይም ያው ጫፍ የለም። ዝማሬ እስካሁን ዝገት የበላው ነበር የመሰላት። ገለበጠቻቸው፣ አቀረበቻቸው፣ አራቀቻቸው፤ ምንም ለውጥ የለውም።

«የአማቴ ማህተም ነው፣ ነፍሱን ይማረውና» አለች ነጃት። «የባቡር ጋራዡ ውስጥ ብረት የሚቀጠቅጠው እሱ ነበር። ማህተሙ ወድቆ ጫፉ ሲሰበርበት ሌላ ሥራ ቢሉት እምቢ አለ። ጫፏ ስትጎድል የማን እንደሆነ ይበልጥ ይታወቃል አለ።» ጉጠቱን አየችውና ፈገግ አለች። «ይኼ የአያትሽ ነው አይደል? ከባቡሩ ፍሬን ላይ የዛገ ሽቦ መንቀያ። አያትሽ የሚፈልጉትን መሬት ላይ ሥለው አሳዩት፣ እሱ ሠራላቸው። አዲስ ሙሽራ ሆኜ እዚሁ ቆሜ አይቻለሁ።»

«አያቴ እዚህ ይመጡ ነበር?»

«በሩ ድረስ። ግቡ ቢባሉ አይገቡም፤ እዚያ ቆመው ተቀብለው ይሄዳሉ። የዚያን ጊዜ ሰው እንዲህ ነበር፣ ምን ይደረጋል። ሳምቡሳ ልስጥሽ?»

ዝማሬ ጆሮዋ ጋለ። ነጃት ያለ ቂም፣ ስለ አየር ጠባይ እንደምታወራ ሆና መናገሯ ጭራሽ ባሰባት። አመስግና፣ ሳምቡሳውን ተቀብላ፣ ሳትቀምሰው ሄደች።

አባቷ ይርዳው ከትራንዚት ቢሮው ለምሳ ገብቶ፣ በካናቴራና በሽርጥ ቬንቲላተሩ ሥር ተጋድሞ ነበር።

«አባዬ፣ ጉጠቱን የሠራው ማነው?»

«አባባ ናቸው። ስንት ጊዜ ልንገርሽ?»

«ኮከቧ የሮብሌ ናት። ከኻሊዳ ቤት መምጣቴ ነው፤ አመሳከርኩት።»

አባቷ አንድ ዐይኑን ገለጠ። «እና?» አለ።

ይህ «እና?» ነው ያበገናት። ቢደነግጥ ወይም «አላውቅም ነበር» ቢል ይሻላት ነበር።

«ታውቅ ነበር!»

«ድምፅሽን ቀንሺ። ሮብሌ ብረቱን ቀጠቀጠ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩበት አባባ ናቸው። ምን ልዩነት አለው?»

«ልዩነት ከሌለው ቀብራቸው ላይ ለምን ‹በገዛ እጃቸው ሠርተው› ተብሎ ተነበበ?»

የባቡር መካኒክ የነበሩት አያቷ አቶ ተክለወልድ ያረፉት አምና ነው። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፈው አባቷ ነበር። ለባቡሩ መሣሪያ የፈለሰፉ፣ ፈረንሳዮቹን ያስደነቁ ተብሎ ሲነበብ ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ፤ ዝማሬም ከልቧ አለቀሰች። ያለቀሰችው ለውሸት እንደሆነ አሁን ገባት።

እናቷ አሰገደች እጇን እያደረቀች ከጓዳ ወጣች። «የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ሲባል አልሰማሽም? ሁሉም ቤት እንዲህ ነው» አለች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት። «እሳቸው ቢሰሙ ግን ጉድ ይፈላ ነበር! ቀጥቃጭ ያላቸውን ሰው በከዘራ ነበር የሚያባርሩት። እኔ መካኒክ ነኝ፣ ወናፍ በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር የሚሉት።»

«አሰገደች!» አለ አባቷ።

«ምን አሰገደች ትለኛለህ? ያሉትን ነው ያልኩት።»

አባቷ ተነስቶ ተቀመጠ። «ስሚኝ፣ ዝማሬ። ነገ ኤግዚቢሽኑን ሊያዩ የእድሩ ሰዎች ይመጣሉ። እነ አቶ ሩፋኤልን የጠራሁት እኔ ነኝ። ሁሉም ያንን የሕይወት ታሪክ የሰሙ ናቸው። ሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው?» ከአልጋው ሥር የመሣሪያ ሣጥኑን ጎትቶ ሞረድ አወጣና እጇ ላይ አስቀመጠላት። «ኮከቧ ከዝገቱ ጋር ትሄዳለች። ማንም አያይም።»

ከዚያ ሸሚዙን ለብሶ ወደ ቢሮው ተመለሰ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ በሰላም ቢሮ ይገባል!

ዝማሬ ግቢው ውስጥ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ያልተናደደችበት ሰው አልነበረም። አባቷን፣ ስለዋሸ። አያቷን፣ የሰውን እጅ ሥራ እየፈለጉ ቤቱን ስለተጠየፉ። ከሁሉም በላይ ኻሊዳን! ቀስ ብላ ለብቻዋ ጠርታ ብትነግራት ምን ነበረበት? ልጆች ፊት ምን አስለፈለፋት? ልክ መሆኗ ደግሞ እንዴት ያናድዳል!

ሞረዱን ኮከቧ ላይ አድርጋ አንድ ጊዜ ሳበችው።

ብረቱ ጮኸ። እጇን ስታነሳ የሚያብረቀርቅ ጭረት በኮከቧ ላይ አልፏል። ሁለተኛው ጫፍ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ሁለት ጊዜ ብትደግመው ሮብሌ የሚባል ሰው ይህን ነገር አልሠራም ማለት ነው፤ ይህን ያህል ቀላል ነው። ዝማሬ አፈረች። ማፈሯ እንደገና አናደዳት። ሞረዱን ከውኃው በርሜል ጀርባ ወረወረችው።

በማግስቱ ጠዋት አዳራሹ ሳይከፈት ኻሊዳን በር ላይ አገኘቻት። ሰላምታ አልተለዋወጡም።

«ልክ ነበርሽ» አለች ዝማሬ። «ኮከቧ የአያትሽ ናት።»

ኻሊዳ ጉጠቱን ተቀበለቻት። ወዲያው ዐይኗ ጭረቱ ላይ አረፈ።

«ይኼ ምንድነው?»

«ሞረድ።»

«ማነው የሞረደው?»

«እኔ።»

«ልታጠፊያት ነበር!»

«አዎ። ከዚያ ተውኩት።»

«ተውሽው? ብራቮ! ሽልማት ይሰጥሻላ!» ኻሊዳ ጉጠቱን ፊቷ ላይ ደቀነችባት። «መቆንጠጫውን ትቼ ሰው ሁሉ ያለው ፖስት ካርድ ያመጣሁት ለምን ይመስልሻል? ያንን ቃል ላለመስማት ነው። ሶማሌውም ቢሆን በቋንቋው ይለዋል፤ ለእሱ ለምጃለሁ። ካንቺ ግን አልጠበቅኩም።»

«ይቅርታ» አለች ዝማሬ።

«ይቅርታሽን እዚያው ያዢው።» ጉጠቱን እጇ ላይ ጥላላት ገባች።

ዝማሬ ጠረጴዛዋ ላይ ስትደርስ ጽሑፉ እንዳለ ነው፤ «ሥራ፦ ተክለወልድ»። ጉጠቱን ኮከቧን ወደ ታች ደፍታ አስቀመጠችው። ምን እንደምታደርግ ገና አልወሰነችም ነበር። እንግዶች መግባት ጀመሩ። ኻሊዳ ከአዳራሹ ማዶ፣ ማንም ከማይቆምበት ፖስት ካርዷ ኋላ ክንዷን አጣጥፋ ቆማለች።

የዝማሬ አባት ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከእድሩ ሰዎች ጋር መጣ። በመጀመሪያ ያየው ጉጠቱን ነው። ኮከቧ አለመታየቷን ሲያይ ትከሻው ረገብ አለ፤ ለልጁም ፈገግ አለላት። ፈገግታው ደሟን አፈላው።

አቶ ሩፋኤል ጽሑፉን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። «የተክለወልድ እጅ! ነፍሳቸውን ይማር። እንዲህ ያለ ሰው ከእንግዲህ የት ይገኛል?»

«ልጄ ታብራራላችኋለች» አለ አባቷ። «ንገሪያቸው እንጂ።»

ሙስዮ ዘከሪያም ቀረብ አለ። ዝማሬ አባቷን አየችው። ቢያንስ ዐይኑን ዝቅ ቢያደርግ ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ጭንቅላቱን ነቀነቀላት፤ በርቺ እንደማለት።

ጽሑፉን ከጠረጴዛው ላይ ላጠችው። ጉጠቱን ገለበጠችው።

«ኻሊዳ!» ብላ ተጣራች። አዳራሹ ዘወር አለ። «ነይ። አንቺ ንገሪያቸው።»

«ዝማሬ» አለ አባቷ ጥርሱን እንደነከሰ።

«የሠሩት የእሷ አያት ናቸው» አለች ለአቶ ሩፋኤል። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው። «የእሷ አያት ናቸው። አያቴ ሠርተውበታል።» ከጠረጴዛው ኋላ ወጥታ ቦታውን ለቀቀች።

ኻሊዳ ወዲያው አልመጣችም። ሙስዮ ዘከሪያ በእጁ ሲጠራት ነው የመጣችው። ዝማሬን ሳታያት አልፋ ጉጠቱን አነሳች፤ ኮከቧን ወደ ሰዎቹ አዞረች።

«አያቴ ሮብሌ ይባላሉ» አለች።

የዝማሬ አባት ወደ ልጁ ጎንበስ ብሎ «ቤት እንገናኛለን» አላትና ሄደ። ዝማሬ ቤት ምን እንደሚጠብቃት ታውቃለች። ቢሆንም ከዚያ አልተንቀሳቀሰችም፤ ኻሊዳ ስለ አያቷ ወናፍ ስታወራ ልትሰማ ፈለገች።