የእጅጋየሁ ቀኖና

እጅጋየሁ ንፋስ መውጫ ሒሳብ ታስተምራለች፤ ደምሌ ቤተ ልሔም ገዳም የዜማውን መጽሐፍ፣ ድጓን። የተዋወቁት ከደብረ ታቦር ሲመለሱ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ጎማ ፈንድቶ ተሳፋሪው ሁሉ ሾፌሩን ሲራገም፣ እሱ ጋቢውን ለማያውቃት አራስ አልብሶ ብርዱ ላይ ቆመ። የእጅጋየሁ ልብ እዚያው ቀረ።

እሱም ወደዳት። ስለወደዳትም አልደበቃትም።

«ጉበቴ ላይ ቫይረስ አለ። ክኒኑ የዕድሜ ልክ ነው። በደምም ይጋባል፤ ጤነኛ ፈልጊ።»

ሄዳ ተመረመረች፤ ክትባቱንም እስክትጨርስ ትንፍሽ አላለችም። ስትነግረው ዐይኖቹ እንባ አቀረሩ። ሽማግሌ ግን አልላከም።

ሐምሌ ላይ ሌላ ጣጣ መጣ። ያ ክኒን ኩላሊቱን መጉዳት ጀምሮ ተገኘ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ቀየረለትና ውሃ እንዳይጠማው አጥብቆ አስጠነቀቀው። ደምሌ ደግሞ በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ አይቀምስም።

ጾሙ የገባ ዕለት እጅጋየሁ በማለዳ ቤተ ልሔም ደረሰች። የደምሌ ከንፈር ገና በጧቱ ደርቋል።

«ንስሐ አባትህን ጠይቅ።»

«የድጓ መምህር ውሃ ልጠጣ ብሎ? ተማሪዎቼስ ምን ይሉኛል?»

«የኔታ፣ ሞተው ነው የሚያስተምሯቸው?» ስትናደድ አንቱ ትለዋለች።

እየጎተተች ንስሐ አባቱ አባ ገብረ ሚካኤል ዘንድ ወሰደችው። ሁሉንም እሷ ተናገረች።

«በሽተኛን ጹም ያለው ማነው?» አሉት አባ። «የያዘህ ትዕቢት ነው። ውሃህን ትጠጣለህ፤ ቀኖናህ ይኸው ነው።» ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺስ ምኑ ነሽ፣ ልጄ?»

ጉንጯ ጋለ። ደምሌን አየችው፤ ደምሌ መሬት መሬት ያያል።

«ይኼን የሚያውቅ እሱ ነው፣ አባ።»

አባ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። «እንግዲያው አንቺም ቀኖና አለሽ። ጧት ጧት ሲጠጣ በዐይንሽ ታያለሽ።»

«እኔ ንፋስ መውጫ፣ እሱ ቤተ ልሔም! እንዴት አድርጌ?»

«እሱን እናንተ እወቁበት» ብለው መስቀላቸውን አሳለሟቸው።

ሲመለሱ ደምሌ ጎጆው ገብቶ በጣሳ ውሃ ይዞ ወጣ። ተማሪዎቹ እያዩት ፊቷ ቆሞ ጨለጠው። ይኼ ኩሩ ሰው ለእሷ ብሎ እንዲህ ሲሆን ስታይ እንባዋ መጣ።

«ፍልሰታ ሲፈታ ሽማግሌ ልላክ?» አላት ቀስ ብሎ።

«ቀኖና እምቢ ይባላል እንዴ?» አለች እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «እስከዚያ ግን ጧት ጧት በቪዲዮ ትደውልልኛለህ፤ ጣሳህን ይዘህ።»