ካሴቱ የጮኸበት ሰዓት

ሟቹ እንደተቀመጠ ነበር። ግንባሩ የአሮጌው ኮምፒውተር ቁልፎች ላይ ተደፍቷል፤ ማጅራቱ ላይ ረጅም ካቻቢቴ ተሰክቷል። ስክሪኑ ግን «እንደገና ይጀመር?» እያለ ይጠይቀዋል።

መርማሪዋ ለሬሳ ከንፈሯን የምትመጥ ሴት አልነበረችም። «ይሄስ ጨዋታውን ጨርሷል» አለችና ዐይኗን ወለሉ ላይ ጣለች። ከጓዳው ክፍል እስከ ሽንት ቤት ድረስ ሁለት የጎማ መስመሮች ሊሾውን አጥቁረውታል። በቤቱ ውስጥ ግን ጎማ ያለው ነገር የለም።

መጀመሪያ የሟቹን እህት ጠየቀች።

«ዐሥር ሰዓት ላይ ደህና ነበር» አለች እህትየው። «ጌሙን ከካሴት ወደ ኮምፒውተሩ ሲጭን ካሴቱ ጢጢጢ እያለ ሲጮህ ከማድ ቤት ሰምቼዋለሁ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ጆሮ ይበላል! በሩን ዘግቼ ለእማዬ መድኃኒት ልገዛ ወጣሁ።»

ካቻቢቴው ትናንት ኮምፒውተሩን ሊሠራ የመጣ የአንድ ቴክኒሽያን ነው። ሰውየው በላብ ተጠምቋል። «ትናንት ረስቼው ሄጄ፣ ዐሥር ተኩል ላይ ልወስደው መጣሁ። ባንኳኳ የሚከፍት ጠፋ።»

«ማን አየህ?»

«ማንም።»

«በል እንግዲህ፣ ገመዱን በገዛ እጅህ አንገትህ ላይ አጥልቀሃል።»

ቴክኒሽያኑ ማልቀስ ጀመረ። እህትየው ከታመነች ያለቀለት እሱ ነው።

ሬሳውን ያገኘው የቤቱ ቁልፍ ያለው የሟቹ ጓደኛ ነበር፤ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ አብሮ ሊጫወት መጥቶ። «ትናንት በካሴቱ ፈንታ የዲስክ ማንበቢያ አስገጠመ» አለ። «ለዚህ ዓይነት የድሮ ማሽን እንኳን ዲስክ፣ ብሎን ማግኘትም መከራ ነው፤ ዋጋው እሳት! ብሩን ከየት አመጣኸው ስለው ሳቀብኝ።»

መርማሪዋ ከኮምፒውተሩ ጎን ያለውን የካሴት ማጫወቻ ቁልፍ ተጫነች። ዝም አለ። ክዳኑን ከፍታ ውስጡን አየችና ሁሉንም ወደ ጓዳው ክፍል ጠራች። እዚያ የሟቹ እናት ከወገባቸው በታች ሽባ ሆነው ተኝተዋል።

«እማዬ ፊት አይሁን» ብላ ለመነች እህትየው።

«እዚሁ ነው» አለች መርማሪዋ። «የማጫወቻው ሞተር የት ነው?»

ቴክኒሽያኑ ከቦርሳው አወጣው። «ከዲስኩ ዋጋ ላይ ቀንሼለት፣ ትናንት ፈትቼ ወሰድኩት።»

«እኔም እያየሁ ነው የፈታው» አለ ጓደኛው።

«ስለዚህ ካሴቱ ከትናንት ጀምሮ ዲዳ ነው። አሁን ጌሙ የሚጫነው ከዲስክ ነው፤ አይጮህም። ታዲያ አንቺ ዛሬ ምን ሰማሽ? ምንም! ወንድምሽ በዐሥር ሰዓት በሕይወት ነበር እንዲባል የፈለግሽው፣ ሞቱ ከአንቺ በኋላ በመጣው ሰው ላይ እንዲደፈደፍ ነው። ካቻቢቴውን ፈልጎ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። ግን ለምን ገደልሽው? ወለሉን ያጠቆረው ተሽከርካሪ ወንበር የት አለ?»



«ሸጠው እኮ» አሉ እናትየው ከአልጋው ላይ፣ ሴት ልጃቸውን የረዱ መስሏቸው። «ሰኞ ዕለት ሸጠው። እሷ ምስኪን ምኑንም አልነካች።»

እህትየው ግድግዳውን ተደግፋ ተንሸራተተች።

«አምስት ቀን በጀርባዬ ሽንት ቤት አመላለስኳት» አለች። «ወገቤ ተቆረጠ። ዛሬ ወንበሯን መልስ ስለው፣ ‹የትም ለማትሄድ ሴት ወንበር ምን ያደርግላታል?› አለኝ። ፊቱን እንኳ አላዞረም። እየተጫወተ!»

«የዲስኩን ዋጋ አሳምረሽ ታውቂያለሽ» አለች መርማሪዋ ካቴናውን እየቆለፈች። «ምን እንደሚሠራ ግን አልጠየቅሽም።»

ቴክኒሽያኑ «ተመስገን!» ብሎ ጮኸና አፈረ። ጓደኛው ሹልክ ብሎ ወጣ። እናትየው ምን እንዳደረጉ የገባቸው ገና ያኔ ነው። ስለ ልጃቸው መለመን እንኳ አልደፈሩም።

«አንቺ ልጅ» አሏት መርማሪዋን፣ «ከመሄዷ በፊት በቀኝ ጎኔ ታስተኛኝ። ግራው ቆስሏል።»

«እጇ ታስሯል፣ እማማ» አለች መርማሪዋ፤ እህትየውንም አስቀድማ ወጣች።