ጭስ የሌላት ቀበሌ

የቀበሌው ዘበኛ ጋሽ ወልደጊዮርጊስ በቀበሌው ግቢ ባለችው ክፍል ውስጥ ምድጃ አጠገብ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ቁስል የለባቸውም፤ ጋቢያቸው እንኳ ከትከሻቸው አልወረደም።

መርማሪው መቶ አለቃ በዳሳ ከመገናኛ ዝናብ ሲወርድበት መጥቶ ሲደርስ ጥፋተኛ ተይዞ ጠበቀው። ሰልችቶታል። በዚህ የአብዮት ዘመን ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ገዳዩ ይታወቃል።

«ምድጃው የሷ ነው» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር ነህምያ፣ የፊጥኝ የታሰረችውን ሸክላ ሠሪ ደሪቱን እያሳየ። «ሰው ገደለ። ከሰዓት በኋላ ወደ ከፍተኛው እስር ቤት ትሄዳለች።»

ቀበሌው የአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ዳር ስለሆነ፣ የውጭ እንግዶች እንዳያዩ ተብሎ ጭስ ተከልክሏል። ለየቤቱ የሚሆን ጭሱ ያነሰ የእንጨት ምድጃ ለመምረጥ የደሪቱ የሸክላ ምድጃና የብረት ሠሪው የሽፈራው የቆርቆሮ ምድጃ ይወዳደሩ ነበር። ዛሬ የደሪቱ ተራ ነው፤ እሳቱን እንዲጠብቁ የታዘዙት ዘበኛው ናቸው።

«ጭሱ እንዴት ነበር?» በዳሳ ሽፈራውን ጠየቀው።

«ቀጭን ናት፣ ጌታዬ፤ ግን ትታያለች። እንግዶቹ ሊያልፉ ሲሉ ድንገት ጠፋች! ደሜ ፈላ።»

«አንቺስ፣ እትዬ ደሪቱ?»

«ልጆቼ በር ላይ እየጠበቁኝ ነው።»

በዳሳ እያቃሰተ የክፍሏ ጣሪያ ላይ ወጣ። ከጭስ ማውጫው አፍ እርጥብ ቀይ ጨርቅ መዝዞ ወረደና ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበ።

«እንጨቱ ወደ ፍም ሲለወጥ ማውጫው ተደፈነ። የታፈነ ፍም መርዙ አይታይም፣ አይሸትም። ሽማግሌው ለብርዱ በሩን ዘግተው ነበር። ማን ደፈነው? ደሪቱ የራሷን ምድጃ አታፍንም። ሽፈራው...»

«እኔ?»

«አንተማ እንዲጨስ ስትጸልይ ነው የዋልከው። ጭሷ እንዳትታይ የጨነቀው፣ ‹ቀበሌዬ ጭስ የላትም› ብሎ ለበላይ ያወራው ሰው ነው።»

ጨርቁን በሩ ላይ ከተሰቀለው ቀይ መፈክር ጫፍ ጋር ገጠመው። ቅዱ ከቅዱ ጋር ልክ መጣ።

«በዚህ አገር መፈክር ቀዶ በሰላም ሊያድር የሚችል ሊቀመንበር ብቻ ነው።»

ነህምያ ከንፈሩን ላሰ። «መኪኖቹ እስኪያልፉ ብቻ ነበር። ከዚያ... ረሳሁት።»

«ሰው ነበር እኮ ውስጥ!» በዳሳ ጮኸ።

«ነገ አንተንም የሚጠይቅ አለ፣ ጓድ መቶ አለቃ።»

«ይጠይቀኝ። እጅህን አምጣ።»

ከደሪቱ እጅ የፈታውን ገመድ በነህምያ እጅ ላይ አሰረው።

ደሪቱ የተላጠ ክንዷን እያሸች ምድጃዋን አየች። «አሁንማ ማን ይነካዋል?»

ሽፈራው ምድጃውን ተሸክሞ ዝናቡ ወዳባራበት ደጅ አወጣውና ፍልጥ ከተተበት። «ለቀስተኛው ይመጣል፤ ውሃ ይፈላ።»

ቀጭን ጭስ ወጥታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው አዘነበለች። አጥፉ ያለ ሰው አልነበረም።