የወረቀቱ ንጉሥ

ስልኩ ሲጮኽ ሬሕማ በካርቱም ሁለት ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የአሠሪዎቿን መስኮት እየወለወለች ነበር። ከሱዳኑ ጦርነት በፊት የነበረው ዓመት ነው። ኮምቦልቻ ላይ አሥራ አንድ ዓመት የፖሊስ መርማሪ የነበረች ሴት ካርቱም መጥታ የሰው ቤት መስታወት ስትወለውል ማየት ለሚያውቋት ያሳዝናል። እሷ ግን «ሁለቱም ያው ቆሻሻ ፍለጋ ነው» እያለች ታሾፍ ነበር።

«እትዬ ሬሕማ፣ ድረሺልኝ!» አለ ቢልልኝ። «ጋሽ ጥላዬ ሞቱ። ዛሬ ጠዋት የተገኙት እኔ ክፍል ውስጥ ነው። ቦሊሱ ሊወስደኝ ነው!»

ቢልልኝ አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ የስደተኛ ልጆች በሚማሩባት ትንሽ ትምህርት ቤት ቴአትር የሚያስተምር ወጣት ነው። ኢቃማ፣ ያ ሰው ሁሉ የሚንገበገብለት የመኖሪያ ወረቀት፣ የለውም። አንዴ ከተያዘ እስር ቤት፣ ከዚያም ድንበር ነው የሚጠብቀው። ሬሕማ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጥላ ወጣች።

ርእሰ መምህር ጥላዬ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ወንበር ላይ እንደተቀመጡ፣ አንገታቸው ደረታቸው ላይ ዘንበል ብሏል። እግራቸው ሥር ቀይ የከርከዴ ሻይ የነበረበት ብርጭቆ ወድቋል። ጭናቸው ላይ በታይፕ የተጻፈ ቴአትር ተገልጧል። ሬሕማ ጎንበስ ብላ አነበበች፦ «ንጉሡ ከሰሌዳው ፊት፣ ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ ጽዋውን ይጠጣል። ይሞታል።»

ጉዳዩን የያዘው የፖሊስ ሻምበል፣ ነቂብ ሂሻም፣ ነው። አንድ ጊዜ በአሠሪዎቿ ቤት የተፈጸመ ስርቆት በግማሽ ቀን ስላወጣችለት ያከብራታል። የሚነጋገሩት በዐረብኛ ነው።

«ያ ሃጃ፣ ነገሩ ግልጽ ነው» አላት። «ሐኪሙ ከርከዴው ተመርዟል ብሏል። ትናንት ከሰዓት፣ ተማሪዎቹ ከሄዱ በኋላ፣ ግቢው ውስጥ የቀሩት ሟቹና ሦስት መምህራን ብቻ ናቸው። ዘበኛው ሌላ ሰው አልገባም ይላል። ቴአትሩ የዚህ ልጅ ነው፤ ወረቀት ደግሞ የለውም። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?»

«እስከ ከሰዓቱ የአስር ሶላት ጊዜ ስጠኝ።»

«ኢንሻአላህ። ከዚያ አንድ ደቂቃ አልጨምርም።»

መጀመሪያ ቢልልኝን ያዘችው።

«ከጋሽ ጥላዬ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«ኧረ በፍጹም! ትናንት ክፍሌ መጥተው ልምምዱን አዩ። ሳቁ፣ አጨበጨቡ። መጨረሻው ላይ ግን ፊታቸው ጠቆረ። ‹ይህን ነገር ዛሬውኑ አጣራለሁ› ብለው ወጡ። ምኑን እንደሆነ አልነገሩኝም።»

«የቴአትሩ ጽሑፍ ስንት ቅጂ አለው?»

«ሦስት። የእኔ፣ የጋሽ ጥላዬና የምክትሉ።»

«ያንተስ የት አለ?»

ቢልልኝ አቀረቀረ። «ልጆቹ ቆራረጡት። ለጨዋታቸው ኢቃማ ሠሩበት።»

የሒሳብ መምህርቷ ሉጥፊያ ቴአትር አትወድም፤ አለመውደዷንም አልደበቀችም።

«የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። እኔ ክፍልፋይ ሳስተምር እነሱ ዱድዱድዱድ! ረክሻ፣ ያው ባጃጅ፣ ይነዳሉ። በባዶ እጃቸው እኮ ነው! መሪ የለ፣ ጎማ የለ። እስክሪብቶ እንኳ አይጨብጡም። ስንት ጊዜ ለጋሽ ጥላዬ ከስሻለሁ መሰለሽ። ግን ሰው በዚህ ይገደላል፣ እትዬ?»

ምክትል ርእሰ መምህሩ ኑርሁሴን ለስላሳ ሰው ነው። ከመናገሩ በፊት መሐረቡን አራት አጥፎ ማጅራቱን ይጠርጋል።

«ልጁ ያሳዝነኛል» አለ። «ግን ያየሁትን አልደብቅም። ከርከዴውን ለንጉሡ የሚቀዳው ራሱ ቢልልኝ ነው። በየቀኑ በሩ ላይ ቆሜ ልምምዱን አያለሁ።»

«በየቀኑ?»

«በዓይኔ በብረቱ!»

ሬሕማ አመስግናው ወጣች። የሟቹን ቢሮ አስከፍታ መሳቢያውን በረበረች። ከዚያም ትናንት የልምምዱን መጨረሻ ማን እንደሠራው ቢልልኝን ጠይቃ፣ ዘበኛውን፣ አብራር የምትባለውን ተማሪ ከቤቷ እንዲያመጣላት ላከችው። ሂሻም ሰዓቱን እያየ በረንዳው ላይ ይንጎራደዳል፤ የመኪናው ሞተር አልጠፋም።

አስር ሶላት ሊደርስ ሲል ሁሉም ያው ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ሬሳው ተነሥቷል፤ ወንበሩ ግን እዚያው አለ።

«በዚህ ክፍል ደንብ እንሂድ» አለች ሬሕማ። «እዚህ አይወራም፤ ተሠርቶ ይታያል። ጋሼ ኑርሁሴን፣ በየቀኑ ሲያዩት የነበረውን መጨረሻውን ያሳዩን።»

ኑርሁሴን ፈገግ አለ። ማጅራቱን ጠርጎ ከሰሌዳው ፊት ተቀመጠና እጁን ወደ አፉ አነሣ። «ንጉሡ እንዲህ ጽዋውን ይጠጣል፣ ይሞታል። በቃ።»

«ሉጥፊያ፣ አንቺስ?»

«እኔ የሰማሁትንና ያየሁትን ያህል ነው እንግዲህ።» ሉጥፊያ ሁለት ወንበሮች ክፍሉ መሐል ጎትታ አንዱን ከሌላው ኋላ አደረገች። ፊተኛው ላይ ተቀምጣ አየሩን እንደ መሪ ጨበጠች። «ዱድዱድዱድ...»

ማንም አልሳቀም። የኑርሁሴን ፈገግታ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ይህ ቴአትር ንጉሥ አለው፣ ቢልልኝ?»

«ከሁለት ሳምንት ወዲህ የለውም። ልጆቹ ‹ንጉሥ አናውቅም፣ የምናውቀውን እንሥራ› አሉኝ። አንዱ ሲጀምር ሌላው እየቀጠለ የረክሻ ታሪክ ሆነ። ወረቀት ላይ አላሰፈርነውም።»

ሬሕማ ወደ ሁሉም ዞረች። «ልጆቹ ዕቃ አይዙም። ስለዚህ ብርጭቆ ለልምምድ እዚህ ገብቶ አያውቅም፤ በየቀኑ ከርከዴ ሲቀዳ አየሁ ያለ ሰው ዋሽቷል። ጋሽ ጥላዬን እንደ ንጉሥ ያስቀመጠው ሰው የሚያውቀው ወረቀቱን ብቻ ነው። ወረቀቱ ደግሞ ሦስት ነው። የሟቹ መሳቢያቸው ውስጥ ተቆልፎበት አገኘሁት። የቢልልኝ ተቆራርጧል። ጭናቸው ላይ የነበረው ታዲያ የማን ነው? ጋሼ፣ የእርስዎን ያሳዩን።»

«ጠፍቶብኛል... ልጁ ሰርቆኝ ይሆናል።»

«አብራር፣ ነይ የኔ እናት። ትናንት ለጋሽ ጥላዬ ያሳየሻቸውን አሳዪን።»

አብራር አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እናቷ በከሻ፣ በፖሊስ አፈሳ፣ ከተወሰደች አራት ወር ሆኗታል። ቀስ ብላ መጥታ ከሉጥፊያ ኋላ ተቀመጠች። ረክሻው የቆመ ያህል ወደ ፊት ነቅነቅ አለች። ከኪሷ የሌለ መሐረብ አወጣች፤ አራት አጠፈችው፤ ማጅራቷን ጠረገችበት። ከዚያም ጣቷን ወደ በሩ ቀሰረች።

«ይቺ ናት ቤቷ፣ ያ ጀናቡ» አለች፤ ፖሊስ እንደሚያናግር ወንድ ድምፅዋን አወፍራ። ወዲያው ወደ ራሷ ድምፅ ተመለሰች። «ፊቱን ማ ሹፍቱ፣ አላየሁም። በመስኮት ከኋላው ነው ያየሁት። እጁን ግን አውቀዋለሁ።»

አማርኛ የማያውቀው ሂሻም ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ዓይኑ ኑርሁሴን ላይ አረፈ። የኑርሁሴን መሐረብ በዚያች ሰዓት ማጅራቱ ላይ ነበር።

«ጋሽ ጥላዬ ይህን መሐረብ ስንት ዓመት አይተውታል» አለች ሬሕማ። «ሲጠይቁህ ‹ልጆቹ ሲወጡ ክፍሉ ውስጥ እንነጋገር› ብለህ ከርከዴ ይዘህ ጠበቅሃቸው።» ከ‹እርስዎ› ወደ ‹አንተ› መውረዷን ሁሉም ሰማ።

ኑርሁሴን መሐረቡን ከማጅራቱ አወረደ። «እኔም ኢቃማ አልነበረኝም» አለ። «ፖሊሶቹ የስደተኞቹን ቤት ካላሳየህ እናባርርሃለን አሉኝ። ጋሽ ጥላዬ ‹ነገ ለወላጆቹ ሁሉ እናገራለሁ› አለ። ለመንኩት... እምቢ አለኝ።»

ሬሕማ አላዘነችለትም፤ ቃሉን ለሂሻም ወደ ዐረብኛ ገለበጠችለት። አብራርን አቅፋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረቻት።

ሂሻም እጁን ካሰረው በኋላ ወደ ቢልልኝ ዞረ። «ያ ኡስታዝ፣ ያንተስ ኢቃማ?»

ሬሕማ ለዚህ ማስረጃ አልነበራትም። አብራር ከእቅፏ ወጥታ ኪሷን ስትዳብስ ቆየችና አንዲት ቁራጭ ወረቀት ለመኮንኑ ዘረጋችለት። በአንድ ፊቷ «ንጉሡ» የሚል የታይፕ ጽሑፍ ተቆርጦ ቀርቷል። በሌላው ፊቷ የቢልልኝ መልክ በእስክሪብቶ ተሥሏል፤ ከሥሩ ሰማያዊ ማኅተም አለ።

ሂሻም ወረቀቷን አገላብጦ አያት።

«ጊዜው የሚያልፍበት ቀን አልተጻፈም» አለ። «ካልተጻፈ አላለፈም።» ለልጅቷ መለሰላትና ኑርሁሴንን ይዞ ወጣ።

የመኪናው ድምፅ ሲርቅ ቢልልኝ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ሬሕማም ዓይኗ እንባ ሞላ። ሉጥፊያ ብቻ ከረክሻው ሳትወርድ ወደ ኋላ ዞራ አብራርን አየቻት።

«ነይ ግቢ» አለቻት። «ቤት ላድርስሽ።»