የስሙኒው መጽሐፍና የሸምበቆው ሥዕል

በ፲፱፻፸፪ ዓ.ም. ጥር ወር፣ አሰበ ተፈሪ አዝመራዋን ሰብስባ ከመሬት በታች ቀብራ ነበር። የዚያ አገር ሰው ማሽላውን በግቢው ጉድጓድ ቆፍሮ ያኖራል፤ አፉን በድንጋይ ገጥሞ በጭቃና በእበት ይመርገዋል፤ በላዩም ሰው ይሄዳል፣ ፍየል ይተኛል። የሶማሊያው ጦርነት አልፏል፤ ፍርሃቱ ግን አላለፈም። በቀበሌ አዳራሽ ግራ እጁን አንሥቶ መፈክር ያላሰማ ሰው በማግስቱ ይፈለግ ነበር፤ ተወስዶ የት እንደ ገባ የሚጠይቅ ደፋርም አልነበረም።

በዚህ ዘመን መምህርት ቀነኒ «የት ነው?» የተባሉትን የልጆች የሥዕል መጻሕፍት ታዘጋጅ ነበር። መጻሕፍቱ በእስቴንስል የተባዙ፣ በመርፌና በክር የተሰፉ ጥቂት ገጾች ነበሩ፤ ዋጋቸው ስሙኒ፤ ከጫት መኪና ጋር ተጭነው እስከ ሚኤሶ ይወርዱ ነበር። ቀነኒ በዓይኗ ያላየችውን መሳል አታውቅበትም፤ አንድ ጊዜ አንበሳ ብትሞክር አህያ ሆኖባት ተማሪዎቿ ስቀውባታል። ስለዚህ የከተማውን በር፣ የከተማውን ዋርካ፣ የከተማውን ምንጭ ሳለች፤ ልጆቹም መጽሐፉን ይዘው የተሳለውን ነገር በየሰፈሩ እየዞሩ ይፈልጉ ጀመር። ቀድሞ ላገኘ ልጅ ከዚያ የሚበልጥ ሹመት አልነበረም።

ታናሽ ወንድሟ ቶላ ደግሞ በመንግሥት የታሸገችው የወንጌላውያን ጸሎት ቤት የመዘምራን መሪ ነበረ። በአዳራሹ እጁን አላነሣም። ስሙ ሲጠራ ቀነኒ በግቢዋ ባለው የአባታቸው ባዶ ጉድጓድ ደበቀችው፤ ድንጋዩን ገጥማ ዙሪያውን መረገችው፤ ለትንፋሹም አንድ ክፍት ሸምበቆ በዳር አሾልካ ተከለች። ሲመሽ ድንጋዩን እያነሣች ታበላው ነበር።

በዚያ ወር ልጆች ተከፍቶ ባልተናፈሰ ጉድጓድ ዘለው እንዳይገቡ የሚያስጠነቅቅ መጽሐፍ አሰበች፤ የታፈነ ጉድጓድ ሰው ይገድላልና። የሌላ ሰው ግቢ ገብቶ መቀመጥ በማያስደፍርበት ጊዜ፣ የገዛ ግቢዋን ጉድጓድ አየች፤ እንዳየችውም ሳለችው።

የማባዣውን መኪና የሚያዞረው ኢዘዲን፣ የመጀመሪያው ጭነት ከሄደ በኋላ በእጁ የቀረውን ቅጂ አተኩሮ ተመለከተና በሩን ዘጋ።

«መምህርት፣ ይህ ሸምበቆ ምንድን ነው?»

ቀነኒ ሥዕሉን አየች። ሳይታወቃት የሳለችው የቶላን መተንፈሻ ነበር።

«ከተማው የገበሬ ልጅ ነው» አለ ኢዘዲን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እህል አየር ካገኘ ይነቅዛል። በታሸገ ጉድጓድ ላይ ሸምበቆ የሚተክል፣ ወላሂ፣ የሚተነፍስ ነገር ያስቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ልጆቹ ደግሞ ይፈልጉታል፤ እርስዎ አይደሉ ያስተማሯቸው!»

«ተልኳል፣ አይመለስም» አለች። ቅጂውን ከእጁ ተቀብላም፣ «እንግዲያው ጉድጓዱ ሁሉ ሸምበቆ ይኑረው» አለች።

በማግስቱ ለተማሪዎቿ፣ ሰው ስቶ እንዳይገባበት እያንዳንዳችሁ የቤታችሁን ጉድጓድ በሸምበቆ ምልክት አድርጉበት አለቻቸው። ልጅና ትእዛዝ ከተስማሙ ወዲያ ማን ያቆማቸዋል? ሳምንት ሳይሞላ የየግቢው ምርጊት ተበስቶ ሸምበቆ ቆመበት። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ታምራት መጽሐፉን በእጁ ይዞ፣ ጠመንጃ ካነገቱ ሁለት ጠባቂዎች ጋር በሰፈሩ አለፈ፤ የቀነኒንም ግቢ አየ፣ የጎረቤቶቿንም አየ፤ ግራ ተጋብቶ ሄደ። በዚያን ቀን ቀነኒ ከታሰበላት ሁሉ በላይ ብልህ ነበረች።

ብልሃት ግን የት እንደምታድር አይታወቅም። ከጥቂት ቀን በኋላ ጠዋት ጓድ ታምራት መምህርቷን ወደ አዳራሹ አስጠራት፤ እሷም መሞቷን አምና ሄደች። እዚያ የጠበቃት ግን ጭብጨባ ነበር።

«ጓድ መምህርት ለሰፊው ሕዝብ ልጆች ደኅንነት ያሳዩት ንቃት ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻችን አርአያ ነው!» አለ ሊቀ መንበሩ የምስጋና ወረቀት እየሰጣት። ንግግሩም፣ መፈክሩም፣ መዝሙሩም እስከ ማታ አላለቀም፤ ቀነኒም ግራ እጇን ከሁሉ አስቀድማ ታነሣ ነበር።

ወደ ቤቷ ስትመለስ ጎረቤቷን አዴ ፋጤን በግቢዋ በር አገኘቻት። አሮጊቷ እስከ ክርኗ ጭቃ ነበረች።

«ልጆቹ እህላችንን ሊያስነቅዙት ነው እኮ፣ ልጄ!» አለች አዴ ፋጤ። «እናቶች ተጠራርተን የየቤቱን ሸምበቆ ስንነቅል ዋልን። አንቺ ስብሰባ ነሽ አሉኝ፤ ያንቺንም ጠዋት ነቅዬ ደፈንኩልሽ። ፍየሎቹ እንዳያነሡት ከባድ ድንጋይ አስጭኜበታለሁ። ሐሳብ አይግባሽ።»

ቀነኒ ጮኻ ብትሮጥ ሰፈሩ ይወጣል፤ ሰፈሩ ከወጣ ጠባቂዎቹ ይመጣሉ። ቆማ አሮጊቷን በዓይኗ ሸኘቻት። አንድ ቃል ብቻ ከአፏ ወጣ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አዴ ፋጤ።»

ኢዘዲንን ጠርታ ድንጋዩን ሲያነሡ ቶላ በሸምበቆው ቀዳዳ በኩል ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር፤ በጣቶቹ ጥፍር ውስጥ ጭቃ ነበረ። ትንፋሹ ቆሞ ነበር፤ በዚያው ጉድጓድ አፈር የመለሱበት ቀነኒና ኢዘዲን ናቸው። ቶላ ያልጮኸው፣ ከላይ የሚሰማው የጎረቤቱ ድምፅ ነውና ብጮኽ እኅቴ ትያዛለች ብሎ እንደ ሆነ ቀነኒ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ አመነች።

አሰበ ተፈሪ ዛሬ ጭሮ ተብላ በባጃጅ ተሞልታለች። ከዚያ ዘመን የሚነሡት የምስጋና ወረቀቱና የስሙኒ መጻሕፍቱ ናቸው፤ ፊደል ያስቆጠሩ፣ ልጆችንም ከጉድጓድ ያዳኑ እየተባሉ ይወደሳሉ፤ ይህም ሐሰት አይደለም። የቶላ ስም በአንዱም ገጽ የለም። አዴ ፋጤም የደፈነችው ምን እንደ ሆነ ሳታውቅ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረች፤ መምህርቷ ስለዚያች ቀን ውለታዋ በየበዓሉ አንድ ሻሽ ትገዛላት ነበር፤ እሷም እስክትሞት ድረስ፣ «ለአንዲት ጭቃ ይህን ያህል!» እያለች ትመርቃት ነበር።