ባዶው ሚስማር

ጨርቅ ነጋዴው በገዛ መጋዘኑ ውስጥ ሞቶ የተገኘው ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሱቁ ከምሳ በኋላ ሲከፈት ነው። በሩን ስድስት ሰዓት ላይ ከውጭ የቀረቀረችው ደግሞ ልጁ ነበረች። ጠዋት አባትየው «ይህን ቤት ዛሬ እሸጠዋለሁ» ሲል እሷ ስትጮህበት ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። አሁን ወንበር ላይ ኩርምት ብላለች፤ ግድግዳው ወደ እሷ የሚጠጋ ይመስላታል።

ቤቱን የሠራው አያቷ ነው። አንድ ጊዜ ሌባ መጋዘኑን ከውስጥ ቢዘጋበት ተናዶ መቀርቀሪያውን ወደ ውጭ አዞረው፤ በሳምንቱም ሚስቱን ቆልፎባት ዋለ። ሴትየዋ ይቅር ትበለው አትበለው እንጃ፤ ከዚያ ወዲህ ግን የሚገባ ሰው ኮቱን ውጭ ሚስማር ላይ ይሰቅላል፣ የሚዘጋም መጀመሪያ ሚስማሩን ያያል።

«እስኪ፣ ከመዝጋትሽ በፊት አባትሽን ጠርተሽ ነበር?» አለ መርማሪው። ነገሩን ሁሉ በዚህች ቃል ስለሚጀምር ከተማው «እስኪ» ብሎ ሰይሞታል።

«ለምን እጠራለሁ? ሚስማሩ ባዶ ነበር እኮ!»

«ከውስጥ ቢጮህስ?»

«የዚያ ግድግዳ ውፍረት መድፍም አያሰማም።»

ኮቱ ፎቅ ላይ፣ መኝታ ቤት ሣጥን ላይ ታጥፎ ተገኘ፤ ትንፋሽ አጥሮት የሞተው ሰው የአስም መድኃኒትም ኪሱ ውስጥ አለ።

«ባሌ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኮቱን ሳይሰቅል ገብቶ አያውቅም» አለች እናትየዋ፣ ልጇን ቀና ብላ ሳታይ። ልጅቱ ያኔ አለቀልኝ አለች። የገዛ እናቷ ካላመነቻት ማን ያምናታል?

መርማሪው ወደ ሟቹ ታናሽ ወንድም ዞረ። ሰውዬው አርባ ዓመት ጨርቅ ሲለካና ሲያጥፍ የኖረ ነው።

«ይሞቃል። እስኪ ኮቴን ይያዙልኝ። የወንድምዎን ኮት አይተው ነበር?»

«ከጠዋት ወዲህ በዓይኔም አላየሁት። ፎቅም አልወጣሁም።»

ወዲያው ሦስቱንም ሱቁ ውስጥ ሰብስቦ አስቀመጣቸው።

«ሟቹ እንደ ልማዱ ኮቱን ሰቅሎ ገባ» አለ። «ሌላ ሰው አወረደው። ልጅቱ ባዶ ሚስማር አየችና ዘጋች። ያ ሰው ኮቱን ፎቅ አወጣ፤ ግን ዝም ብሎ መወርወር አልሆነለትም። ገበሩ ወደ ውጭ፣ እጅጌው ወደ ውስጥ፣ ወርዱ ልክ አንድ ክንድ። እናንተ ቤት ኮት እንዲህ ይታጠፋል?»

«ኮት ይሰቀላል እንጂ!» አለች እናትየዋ።

«ፊቱን ፀሐይ እንዳይበላው ወደ ውስጥ የሚታጠፈው የሚሸጥ ጨርቅ ነው። እስኪ ጋሼ፣ የእኔን ኮት ይመልሱልኝ።»

ሁሉም ወደ አጎትየው ጉልበት አዩ። ኮቱ ገበሩ ወደ ውጭ ሆኖ፣ በአንድ ክንድ ወርድ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ሰውዬው ራሱም ደንግጦ አየው፤ ወሬ ሲሰማ እጁ ሥራውን ሠርቷል።

«እዚህ ተወልጄ፣ እዚህ ሸብቼ፣ በስተርጅና የሰው ደጅ ልጥና?» አለ። «የሽያጩን ውል ሳይፈርም እንዲውል ብዬ ነው።»

«መድኃኒቱ ኪሱ ውስጥ እንዳለ አያውቁም ነበር?»

አጎትየው የታጠፈውን ኮት ለመርማሪው ዘረጋለት።

«እኔ እንደምዘጋው እያወቅክ፣ ጋሼ?» አለች ልጅቱ።

«ሌላ ማን ይዘጋዋል ልጄ?»

እናትየዋ እያለቀሰች ልጇን አቀፈቻት። መርማሪው ኮቱን ለበሰና «በይ ተነሺ፣ ነፃ ነሽ፤ ሂጂ» አላት።

«የት ልሂድ?» አለች፣ ከወንበሩ ሳትነቃነቅ። «የዘጋሁበት እኔ ነኝ።»